የዳነ ሰው አልጋውን ለምን ይሸከማል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። በዚያ ሳምንት የምንሰማው ወንጌል በዮሐንስ ምዕራፍ 5 የተጻፈው፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ሰው ታሪክ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ፈጠን ብለን እናልፈዋለን፤ ጌታ መጣ፣ ጠየቀው፣ ፈወሰው፣ ሰውየውም ተነሥቶ ሄደ እንላለን። ከመካከል ግን ቆም ብለን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ጌታ ሰውየውን ባዶ እጁን አላሰናበተውም፤ አልጋውን እንዲሸከም አዘዘው። ዕለቱ ሰንበት ነው፤ በሰንበት ሸክም መያዝ እንደሚያስከስስ ጌታ ያውቃል። ሰውየውም ብዙ ሳይራመድ በዚያው ሸክም ተከሰሰ።

ታዲያ አልጋውን ማሸከሙ ስለ ምን ነው ቢሉ፦ መዳኑ እንዲታወቅ ነው። ባዶውን ቢሄድ ኖሮ ሕመሙ ቀለል ያለለት፣ ነገ የሚያገረሽበት ሰው ነው ባሉት ነበር፤ ሸክም መቻሉ ግን ፍጹም መጽናቱን አስመሰከረ። አንድም ከየት እንደተነሣ እንዳይረሳ ነው። አንድም፣ ዛሬ ቀስ ብለን ልናየው የምንሻው ይህን ነው፣ 38 ዓመት ሙሉ አልጋው ሰውየውን ሲሸከመው ኖሯል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ሰውየው አልጋውን ይሸከማል። አልጋው የትም አልጠፋም። የተለወጠው ተሸካሚው ነው።

ይህን ትምህርት በእጃችን ዳስሰን እንድናየው የአንድ የጦር አብራሪን ታሪክ ምሳሌ እናደርጋለን። ሰውየው ጻድቅ ወይም ሰማዕት ተብሎ የሚታሰብ አይደለም፤ አብያተ ክርስቲያናት በሚዘጉበት ዘመን በሶቪየት ኅብረት ያደገ ወታደር ነው። ጌታችን ግን ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲያስተምር ዘሪውንም፣ ነጋዴውንም፣ መረብ ጣዩንም፣ አይሁድ የሚንቁትን ሳምራዊም ምሳሌ አድርጓል። ከሰው ሕይወት መማር ሰውየውን ማንገሥ አይደለም፤ ያደረገውን አይቶ ለራስ መጠየቅ ነው። በዚህ ትምህርት የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ድኾ መውጣት

አሌክሲ ማሬሲየቭ በ1916 በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በካሚሺን ከተማ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በኤፕሪል 1942 መግቢያ፣ በሰሜን ምዕራብ ሩስያ በዴሚያንስክ አካባቢ፣ ያክ-1 የተባለው አውሮፕላኑ ተመትቶ ጫካ ውስጥ ወደቀ። ዛፉና በረዶው የመውደቁን ኃይል ስላበረዱለት ነፍሱ ተረፈች፤ እግሮቹ ግን ክፉኛ ተጎዱ። ሰው የለም፤ ስንቅ የለም፤ የወገን ጦር ያለበትም ሩቅ ነው።

መጀመሪያ በተጎዳ እግሩ ረገጠ። እግሩ አልረግጥ ሲለው ዳኸ። መዳኽም ሲያቅተው ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ እየተገለባበጠ ተጓዘ። ያገኘውን የዛፍ ልጥና ከበረዶ ሥር የወጣ የዱር ፍሬ እየበላ 18 ቀን ቆየ። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ኤፕሪል 5 ቀን ነበር፤ የሩስያም የእኛም በአንድ ዕለት። ምእመናን ትንሣኤን ሲያከብሩና በሰሞኑ እንኳን አደረሳችሁ ሲባባሉ ይህ ሰው በደረቱ በረዶ እየገፋ ነበር።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት እንያዝ። ትዕግሥት ምንድር ነው ቢሉ፦ ብዙዎቻችን ዝም ብሎ መቀመጥ ይመስለናል። "ታገሥ" የምንለው ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲጠብቅ የምንመክረው ይመስለናል። በመጽሐፍ ያለው ትዕግሥት ግን ሥራ አለበት። ኢዮብ በአመድ ላይ ተቀምጦ እንኳ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገሩን አላቋረጠም። መፃጉዕ የምንለው የወንጌሉ ሰውም ከመጠመቂያው ዳር አልራቀም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ሁሉ ለመውረድ ይሞክር ነበር፤ ሌላው እየቀደመው ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ግን እዚያው ይገኛል። 38 ዓመት ሲቀደሙ ኖሮ ከቦታው አለመታጣት ቀላል ነገር አይደለም። ጌታ ያገኘው እዚያው ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 መከራን፣ ትዕግሥትን፣ ተፈትኖ መጽናትንና ተስፋን እንደ መሰላል ደረጃ ደርድሯቸዋል። ተስፋን ከታች ሳይሆን ከላይ እንዳስቀመጠው እናስተውል። እኛ ተስፋ ሲኖረን እንነሣለን እንላለን፤ ተስፋው እስኪመጣ ግን ተኝተን እንጠብቃለን። ሐዋርያው የሚነግረን መነሣቱ ቀድሞ ተስፋው በመንገድ እንደሚገኝ ነው። በጫካ የሚድኽ ሰው ልቡ በተስፋ ስለተሞላ አይደለም የሚድኸው። ቀጥሎ ካለው ዛፍ ለመድረስ ይድኻል፤ ከዛፉ ሲደርስ ሌላ ዛፍ ይታየዋል። በሐዘን፣ በሱስ፣ በኃጢአት ልማድ ወይም በረጅም ሕመም ውስጥ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እኅቴ፣ የዛሬው ዛፍ የትኛው ነው? አንዲት አቡነ ዘበሰማያት ትሆናለች። አንድ ቀን ሳይጠጡ ማደር ይሆናል። እርሷን ድኾ መድረስ ትዕግሥት ይባላል።

2. ቢላዋውና ሐኪሙ

ማሬሲየቭን የፕላቭ መንደር ልጆች ጫካ ውስጥ አገኙት። መንደርተኛው ተቀብሎ አስታመመው፤ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ሞስኮ ሆስፒታል ተወሰደ። እግሮቹ ሞተው መበስበስ ጀምረዋል፤ ብስባሹ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ፕሮፌሰር ቴሬቢንስኪ የተባሉት ቀዶ ጠጋኝ ሁለቱንም እግሮች ከጉልበት በታች ቆረጧቸው። ድኾ ያወጣቸው እግሮች አልተመለሱለትም፤ ነፍሱ ግን ተመለሰችለት።

ሐኪሙ በእግዚአብሔር ሥራ ውስጥ ምን ድርሻ አለው ቢሉ፦ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ እርሱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ብልህ ሰውም ከምድር የወጣውን መድኃኒት እንደማይንቅ ያስተምራል። ወንጌልን ከጻፉት አንዱ ቅዱስ ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። በእኛ ዘንድ ጠበልና ሐኪም ቤት እንደ ሁለት ጎራ ተለያይተው የሚታዩበት ጊዜ አለ፤ ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲይዙ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ጠበሉን የባረከና ለሐኪሙ ጥበብ የሰጠ አንድ አምላክ ነው።

የሐኪሙ ቢላዋ ሌላም ነገር ያስተምረናል። የበሰበሰውን ያዘነለት መስሎ የሚተው ሐኪም በሽተኛውን ይገድለዋል። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ፣ ከክፉ ባልንጀራ ተለይ፣ ከዚያ ቤት ራቅ ሲል፣ ቆራጭ እንጂ አዛኝ አይመስለንም። የሚቆርጠው ግን የቀረውን ሰው ለማዳን ነው።

ደግሞስ ቁስሉ በገዛ ጥፋት የመጣ እንደሆነስ? ብለው ይጠይቃሉ። ለዚህ ሌላ አብራሪ እናንሣ። እንግሊዛዊው ዳግላስ ባደር በዲሴምበር 1931፣ በ21 ዓመቱ፣ ሬዲንግ ከተማ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ አውሮፕላኑን ከመሬት እጅግ ዝቅ አድርጎ ሊያገለባብጥ ሞከረ። ጦርነት አልነበረም፤ ጠላትም አልመታውም። ችሎታውን ለማሳየት ባደረገው ነገር ክንፉ መሬት ነካና ተከሰከሰ፤ ሁለቱንም እግሮቹን አጣ። በኋላ በበረራ መዝገቡ ላይ የጻፈው አጭር ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲያገለባብጥ መውደቁንና ሥራው መጥፎ እንደነበረ። ነፋሱን አልከሰሰም፤ ሞተሩን አልከሰሰም።

ንስሐ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጥፋትን በስሙ ጠርቶ በአጭሩ መጻፍ፤ ከዚያ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ሥራ መሄድ። በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ማን እንደበደለ ሲጠይቁ ጌታ ዓይናቸውን ከጥፋተኛ ፍለጋ ወደ እግዚአብሔር ሥራ መለሰላቸው። ለመፃጉዕ ግን ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆታል። እንግዲህ ሕመም ሁሉ ከኃጢአት ነው አንልም፤ ጥፋት የለብኝም ብለንም አንሸሽም። ባደርን አየር ኃይሉ ቢያሰናብተውም በ1939 ጦርነት ሲመጣ በሰው ሠራሽ እግሮቹ መልሶ ተቀብሎታል። በጥፋቱ የቆሰለም ሰው ወደ ጥሪው ሊመለስ ይችላል፤ ጴጥሮስ ከካደ በኋላ መንጋ ተሰጥቶት የለምን?

3. ጸጋ ያነሣል፤ ሰው ይቆማል

ወደ ማሬሲየቭ እንመለስ። እግር የሌለው ሰው ለምን አይበርም ይላል አንድ ሰው፤ አውሮፕላን የሚነዳው በእጅ አይደለምን? በእጅ ብቻ አይደለም። በአብራሪው እግር ሥር ሁለት ፔዳሎች አሉ። በአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው መሪ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የግራው ሲረገጥ አፍንጫው ወደ ግራ፣ የቀኙ ሲረገጥ ወደ ቀኝ ይዞራል። ጤነኛ አብራሪ ፔዳሉን ምን ያህል እንደገፋው ውስጥ እግሩ ይነግረዋል፤ ሳያስበው ያደርገዋል። ሰው ሠራሽ እግር ግን ምንም አይናገርም። ማሬሲየቭ ፔዳሉን የሚያገኘው ከጉልበቱ በታች በቀረው አጥንትና በማሰሪያው ጠፍር በኩል ነበር። ቀድሞ በእግሩ ያውቀው የነበረውን ሁሉ በጉልበቱ እንደገና መማር ነበረበት።

መማር የጀመረው ከመቆም ነው፤ ከዚያ መራመድ፤ ከዚያ ያለ ምርኩዝ መራመድ። በማገገሚያ ቤት ሳለ ዳንስ ተማረ። ለጨዋታ አይምሰለን። ዳንስ ወደ ኋላ መሄድን፣ ድንገት መዞርን፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማሳለፍን ይጠይቃል፤ ይህ ሁሉ ፔዳል ላይ ይፈለጋል። ጠፍሩ የተቆረጠውን እግር ቆዳ የሚያቆስል ነው፤ ቁስሉ እስኪጠነክር ድረስ በየቀኑ ያንኑ ቦታ መርገጥ ግድ ነው። በ1943 መጀመሪያ የሐኪሞች ጉባኤ ፈቀደለት፤ ወደ በረራ ትምህርት ቤት ተመልሶ እንደ አዲስ ተማሪ በረረ፤ በዚያው ዓመት ጁን አካባቢ ወደ ጦር ግንባር ደረሰ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የጸጋና የጥረት ነገር ነው። ጌታ መፃጉዕን ሲፈውሰው በእጁ አንሥቶ አላቆመውም፤ እንዲነሣ አዘዘው። ኃይሉ ከጌታ ነው፤ የተነሣው ግን ሰውየው ነው። ያለ ጸጋ 38 ዓመት ሲሞክር አልቻለም፤ ጸጋ መጥቶ እርሱ አልነሣም ቢል ኖሮ ደግሞ እዚያው በቀረ ነበር። ጸጋ ብቻ ያድናል ብሎ እጅን ማጣጠፍም፣ በጥረቴ ዳንሁ ብሎ መኩራትም ከዚህ ወንጌል ውጭ ነው። ጾማችን፣ ስግደታችን፣ ምጽዋታችን ያንኑ ቦታ በየቀኑ እንደሚረግጠው እግር ናቸው። በአንድ ስግደት ጻድቅ የሆነ የለም፤ ያለ ስግደት ጉልበቱ የጠናለትም የለም።

የሚደክም ሰው ደግሞ ቀድሞ የሄደበት ሰው መኖሩን ማወቅ ይሻል። አሌክሳንደር ሴቨርስኪ የተባለ ሩስያዊ የባሕር ኃይል አብራሪ በ1915 እግሩን አጥቶ በ1916 ወደ ውጊያ በረራ ተመልሷል፤ በኋላም አሜሪካ ገብቶ አውሮፕላን ሠሪ ሆኗል። ማሬሲየቭ በሆስፒታል አልጋው ላይ ሳለ የዚህን ሰው ታሪክ ማንበቡ እንዳበረታው ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ስንክሳር የምታነብልን፣ ገድል የምታስነብበን ለዚህ ነው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ምስክሮችን እንደ ደመና ከብበውን እንዳሉ አድርጎ የሚያሳየን ለዚህ ነው። ያላየነውን መንገድ ብቻችንን እንዳልጀመርነው እንድናውቅ ነው።

የእግርና የክንፍ ነገር ከተነሣ፣ ኢትዮጵያዊ ምእመን ጻድቁን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሳያስብ አይቀርም። በሥዕላቸው ላይ ስድስት ክንፍ አላቸው፤ አንዲት እግራቸውም ከጎናቸው ወድቃ ትታያለች። ገድላቸው እንደሚነግረን በደብረ ሊባኖስ በጸሎት ቆመው ብዙ ዘመን ሲጋደሉ እግራቸው ተሰብራለች፤ ስባረ ዐፅማቸውን ጥር 24 ቀን እናከብራለን። የጻድቁን ተጋድሎ ከወታደር ጀብዱ ጋር አናስተካክልም፤ እርሳቸው እግራቸውን የሰጡት በፈቃዳቸው ለእግዚአብሔር ነው። ይህን ያህል ግን እንማራለን፤ ሠዓሊው ክንፉን ሲሥል የተሰበረችውን እግር አልደበቃትም። ክንፍ ያለውን ክብር ያየ ሁሉ የተከፈለውን ዋጋ አብሮ እንዲያይ ነው።

4. ሰው ያጣ ሰው

ጌታ መፃጉዕን ለመዳን መፈለጉን ሲጠይቀው ሰውየው ስለ እግሩ አልተናገረም። ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው የተናገረው። በ38 ዓመት ውስጥ በዚያ በር የወጣና የገባ ስንት ይሆን? ሁሉም ያየዋል፤ የሚያወርደው ግን የለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለው ሽባ ግን አራት ሰዎች ነበሩት፤ ጣራ ነድለው አወረዱት፤ ጌታም የእነርሱን እምነት አየ።

ማሬሲየቭ ግንባር ሲደርስ አውሮፕላን ተሰጥቶታል፤ አብሮት ጥንድ ሆኖ ሊበር የሚወድ ግን አልነበረም። በአየር ውጊያ አብራሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ የአንዱ ጀርባ በሌላው ዓይን ይጠበቃል። እግር የሌለውን ሰው ጀርባዬን ጠብቅ ማለት ነፍስን አደራ መስጠት ነው። የቡድኑ አዛዥ አሌክሳንደር ቺስሎቭ ከእኔ ጋር ይብረር ብሎ ወሰደው። በጁላይ 1943 በኩርስክ ውጊያ ማሬሲየቭ ላ-5 በተባለው ተዋጊ አውሮፕላን የሁለት ጓደኞቹን ሕይወት አተረፈ፤ በኦገስት የሶቪየት ኅብረት ጀግና ተባለ። በ18ኛው ቀን ልጆች ባያገኙት፣ ከዚያም ቺስሎቭ ባይቀበለው ጥንካሬው ብቻውን የት ያደርሰው ነበር?

የዚህ ነገር ታላቅ ማሳያ በእንግሊዝ አገር ኢስት ግሪንስቴድ በምትባል ትንሽ ከተማ ታይቷል። በ1940 የአየር ጦርነት ብዙ አብራሪዎች በነዳጅ እሳት ፊታቸውና እጃቸው ተቃጠለ። አርኪባልድ ማክኢንዶ የተባለው የኒውዚላንድ ተወላጅ ቀዶ ጠጋኝ በዚያች ከተማ ሆስፒታል ተቀበላቸው። ባሕር ላይ የወደቁት የተቃጠሉ አብራሪዎች ቁስላቸው የተሻለ እንደሚሽር ስላስተዋለ በጨው ውኃ ይነክራቸው ነበር። አዲስ አፍንጫ ለመሥራት ከደረት ወይም ከትከሻ የተወሰደ ቆዳ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ፣ አንዱ ጫፉ ከነበረበት ሳይነቀል፣ ሌላው ጫፍ ፊት ላይ ይሰፋል፤ ደሙ እስኪዋሐድ ድረስ ሰውየው ለሳምንታት ያንን ቱቦ በፊቱ አንጠልጥሎ ይኖራል። አንዱን ሰው ለመጨረስ አሥርና ሃያ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር።

ማክኢንዶ ግን ቆዳ መስፋት ብቻ እንደማይበቃ ገባው። የሕመምተኛ ልብስ አስቀርቶ የደንብ ልብሳቸውን እንዲለብሱ ፈቀደ። የከተማውን ሰዎች ለምኖ፣ እነዚህን ልጆች ቤታችሁ ጥሩ፣ በመንገድ ስታገኟቸው አፍጥጣችሁ አትዩ፣ ፊታችሁንም አታዙሩ አላቸው። ሰዉ እሺ አለ። ፊታቸው ገና ያልተሠራ ወጣቶች ቱቧቸውን አንጠልጥለው ሻይ ቤት ገቡ፣ ሲኒማ አዩ፤ ከተማይቱ የማታፈጥጥ ከተማ ተባለች። ቁስለኞቹ በ1941 የመሠረቱት ማኅበር በጦርነቱ ማብቂያ 649 አባላት ነበሩት። ከእነርሱም ወደ በረራ የተመለሱ አሉ።

አፍጥጦ አለማየት ትንሽ ነገር ይመስላል። እስቲ በሰንበት ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምናደርገውን እናስብ። በምርኩዝ የቆመውን ወንድም አንድም አተኩረን እናየዋለን፣ አንድም እንዳላየን ሆነን እናልፈዋለን። ሁለቱም ሰው ያሳጡታል። ስሙን መጠየቅ፣ ቡና ላይ መጥራት፣ በማኅበር ጽዋ ላይ እንደማንኛውም አባል ተራ መስጠት ግን ጣራ ከመንደል ይቆጠራል።

5. መመለስ ሁሉ መዳን ነውን?

እስካሁን የተመለሱትን አየን። አሁን ግን ጥንቃቄ የሚሻ ጥያቄ አለ። የዳነ ሰው ሁሉ ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ አለበትን?

ሪቻርድ ሂላሪ ከማክኢንዶ ታካሚዎች አንዱ ነበር። በሴፕቴምበር 1940 ተመትቶ ፊቱና እጆቹ ተቃጠሉ። በ1942 ያሳተመው መጽሐፍ "የመጨረሻው ጠላት" የሚል ርእስ ያለው ነው፤ ስሙን የወሰደው ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 የመጨረሻው ጠላት ሞት እንደሚሻር ካስተማረበት ቃል ነው። ሂላሪ እጆቹ ገና በደንብ ሳይጨብጡ ወደ በረራ ለመመለስ አጥብቆ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። በጃንዋሪ 1943 በሌሊት ልምምድ ላይ አውሮፕላኑ ወደቀ፤ እርሱም አብሮት የነበረውም ባልደረባው ሞቱ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። አንፍረድበት፤ ትምህርቱን ግን እንውሰድ። ቅንዓት ያለ ማስተዋል የራስን ብቻ ሳይሆን የባልንጀራንም ነፍስ ያስከፍላል። ማሬሲየቭን ጉባኤ መርምሮታል፤ እንደ ተማሪ እንደገና ተፈትኗል፤ አዛዥ አይቶ ወስዶታል። በመንፈሳዊ ሕይወትም እንዲሁ ነው። ትናንት ከወደቀበት ሱስ የተነሣ ሰው ዛሬ ሌሎችን ላድን ብሎ ወደዚያው ቤት አይሮጥም። የንስሐ አባቱን ይጠይቃል፤ የእጁን መጨበጥ አለመጨበጥ ሌላ ሰው አይቶ ይነግረዋል።

የማይመለስስ? በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9 የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ ሁለት እግሮቹ ሽባ ነበሩ። ዳዊት አስጠራው፤ ጦር እንዲመራ አይደለም፣ ፈረስ እንዲጋልብም አይደለም፤ በንጉሥ ማዕድ ሁልጊዜ እንዲበላ ነው። ምዕራፉ ሲዘጋ እንኳ በማዕዱ መቀመጡንና እግሮቹ ሽባ መሆናቸውን አከታትሎ ይናገራል። እግሩ አልዳነም፤ ወንበሩ ግን የልጅ ወንበር ነው። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚከብረው ስለሠራው ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽባው ከማዕድ በወረደ ነበር። ወደ ሥራ የሚመለስ ይመለሳል፤ የማይመለስ ከማዕዱ አይነሣም። ሁለቱም የአንድ ንጉሥ ናቸው።

ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተወገደም፤ ጸጋው ግን እንደሚበቃው ተነገረው። ያዕቆብ በፋኑኤል ከታገለ በኋላ በረከቱን ይዞ እያነከሰ ሄደ። ከሁሉ በላይ ጌታችን ከሞት በተነሣ ጊዜ የችንካሩን ምልክት ከእጁ አላጠፋውም፤ ለቶማስ ያሳየው ያንኑ ነው። ሞትን ድል ያደረገ ሥጋ ምልክቱን ከያዘ፣ የእኛ ጠባሳ እግዚአብሔር እንዳልሰማን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ማጠቃለያ

ማሬሲየቭ በጦርነቱ በጠቅላላ 11 የጠላት አውሮፕላን ጥሏል፤ ሰባቱን የጣለው እግሮቹን ካጣ በኋላ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ዓመታት በጦር ጉዳተኞችና በአርበኞች ጉዳይ ሠራ። ደራሲው ቦሪስ ፖሌቮይ በ1946 ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣው፤ የባለታሪኩን ስም አንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ። ሰዎች አፈ ታሪክ አድርገው ሲያወሩለት ግን ሰው እንጂ ተረት እንዳልሆነ ይናገር ነበር። በሜይ 2001 የ85 ዓመት ልደቱን ሊያከብሩለት በተሰበሰቡበት ዕለት አረፈ። ከ1942 እስከዚያ ቀን ድረስ 59 ዓመት ያህል፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ጠፍር ማሰር ነበር። ያ ጠፍር የእርሱ አልጋ ነው። በሸክምነቱ ኖረ እንጂ አልተኛበትም።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በየአጥቢያችን ከጦር ሜዳ፣ ከመኪና አደጋ፣ ከስኳር በሽታ የተነሣ እግራቸውን ያጡ ወገኖች አሉን። ከእነርሱ የሚበዙት ደግሞ ቁስላቸው የማይታይ ናቸው። የቆሰልህ ሆይ፣ አልጋህ እስኪጠፋ አትጠብቅ፤ ተነሥተህ ተሸከመው። ጤነኛ የሆንህ ሆይ፣ በመጪው ሰንበት ቅዳሴ ሲያልቅ በምርኩዝ የቆመውን ስሙን ጠይቀው፤ ወደ ቤትህም ጥራው። ሰው አለኝ የሚል አንድ ሰው ከእኛ ይትረፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።